ከእኔ ቀድሞ የሚታመመው እጄ

ጅማ የገባሁት ገና ጺሜ ሳይበቅል ነው። አጎቴ በመንገድ ሥራ ተቀጥሮ ከሸዋ ወደዚያ ሲዛወር፣ "እንዳንተ የሚጽፍ ሰው የትም ቢሄድ እንጀራ አያጣም" ብሎ ይዞኝ ሄደ። መጻፍ የተማርኩት ብራና ከሚጽፉ የኔታ ዘንድ ነበር። የ"ጠ" እግሮች እኩል መሬት ካልረገጡ በያዙት መቃ ጣቴን መታ ያደርጉኛል። ስለዚህ ከሌላው ትምህርቴ ሁሉ ጽሕፈቴ በለጠ።

የአጎቴ ቃል አልቀረም። ጅማ ፍርድ ቤት የግልባጭ ጸሐፊ ሆኜ ተቀጠርኩ። ዳኞች የፈረዱትን ከመዝገብ ላይ እያነበብኩ ለባለጉዳይ የሚሰጠውን ግልባጭ በቀለም እጽፋለሁ። ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ገደማ ነው፤ እኛ ክፍል የጽሕፈት መኪና ገና አልደረሰም ነበር። ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ከአጠገብህ ያለው ሰው የሚናገረው አይሰማም፤ ሥራ የሚሰምርልኝ ያን ጊዜ ነው። ከጌራ፣ ከሊሙ የሚመጡ ባለጉዳዮች፣ አማርኛ ማንበብ የማይችሉት እንኳ፣ ግልባጩን በሁለት እጃቸው ይዘው ትክ ብለው ያዩትና "በሬዳ" ይሉኛል፤ ቆንጆ ነው ማለታቸው ነው። እኮራ ነበር። ሌላ የምኮራበት ነገርም አልነበረኝም።

ባለቤቴን ያገኘኋትም በዚሁ ጽሕፈት ነው። አባቷ አጋሮ የሚኖሩ ቡና ነጋዴ ናቸው፤ በልጅነታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው እዚያው የቀሩ። አንድ የወሰን ክርክር ረትተው ግልባጩን ሊወስዱ ሲመጡ እሷም ተከትላቸው መጣች። እዚያው ጠረጴዛዬ ፊት ቆማ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች በቃሏ እንደያዘችው ሁሉ ሳትደናቀፍ አነበበችላቸው። ስትጨርስ ወደ እኔ ዞር ብላ፣

"አንተ ነህ የጻፍከው?" አለችኝ።

"እኔ ነኝ።"

"ዓይን አያደክምም" አለችና ወረቀቱን አጥፋ ለአባቷ ሰጠቻቸው።

በሚቀጥለው ዓመት ተጋባን። ከጅሬን ኮረብታ በታች ቤት ተከራየን፤ ሴት ልጅ ወለድን።

ልጃችን ገና ጡት ሳትጥል፣ ቡና በሚለቀምበት ወር፣ አንድ ነገር መጣብኝ። በሽታ አልመሰለኝም። ማን ደስታን በሽታ ይላል? እንቅልፍ ቀነሰ፤ ድካም ግን የለም። ገና ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ ቤት እጠርጋለሁ፤ ውኃ እቀዳለሁ፤ ጎረቤት እቀሰቅሳለሁ። መሥሪያ ቤት ስገባ የትናንቱን ክምር ወረቀት ጨርሼ የሌላውን ጸሐፊ ድርሻ እወስዳለሁ። ብዕሩ ይከንፋል። ፊደሎቼ አደጉ። የ"ረ" እግር ከታች ያለውን መስመር አልፎ ይወርዳል፤ የ"ቀ" ራስ እንደ ዳቦ ያብጣል። በአንድ ገጽ ያልቅ የነበረ ግልባጭ ሦስት ገጽ አይበቃውም። ከሁሉ የሚገርመው ሁለት ነጥብ ማድረግ ተውኩ። በዚያን ጊዜ በቃልና በቃል መካከል ሁለት ነጥብ ያልጣለ ጸሐፊ፣ ጸሐፊ አይባልም ነበር። የእኔ ቃላት ግን ተያይዘው፣ ተገፋፍተው፣ ከወረቀቱ ጠርዝ ሊወድቁ ደርሰው ይቆማሉ። ይህን ሁሉ ዛሬ ነው የምናገረው። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ውብ ጽሕፈት ጽፌ አላውቅም ብዬ ነበር የማምነው።

ከዚያ ስለ ባቡር ማሰብ ጀመርኩ። ይህ ሁሉ ቡና በጭነት መኪና እየተንገጫገጨ ለምን ይሄዳል? ባቡር ጅማ መግባት አለበት። ለጃንሆይ አቤቱታ ጻፍኩ። አንዱን ጨርሼ ሌላ፣ ሌላውን ጨርሼ ሌላ። በመጨረሻ ሐዲዱ የሚያልፍበትን መሬት እኔው ራሴ ልለካው ብዬ አንድ ማለዳ ገመድ በትከሻዬ አድርጌ ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ የቡና መኪና ላይ ተሳፈርኩ። ለባለቤቴ አልነገርኳትም።

አሰንዳቦ ላይ ወረድኩ። መንገዱን በገመድ ስለካ ሕዝብ ከበበኝ። ባቡር ሊመጣላችሁ ነው እያልኩ በአማርኛም በተሰባበረ ኦሮምኛም ሰበክሁ። ለባቡር መንገደኛ የሚሆን ነው ብዬ ኮቴን ለአንዱ፣ ጫማዬን ለሌላው ሰጠሁ። የሚስቅ ነበር፤ ድንጋይ ያነሳም ነበር። አንድ ሽማግሌ ባለሱቅ፣ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ፣ ሰዉን በከዘራቸው ገለል ገለል አድርገው መጥተው እጄን ያዙ።

"ባቡሩ ይመጣል፣ ኢንሻአላህ" አሉኝ ረጋ ብለው። "እስኪመጣ ግን ፀሐይ ላይ አይቆምም። ና፣ እኔ ሱቅ ጥላ አለ።"

ተከትያቸው ገባሁ። ጆንያ ላይ አስቀመጡኝ። ሻይ ከወተት ቀላቅለው ሰጡኝ። እኔ ስለ ሐዲድ አወራለሁ፤ እሳቸው "ኤዬ፣ ኤዬ" እያሉ፣ እሺ እሺ ማለታቸው ነው፣ ዘይትና ስኳር ይሸጣሉ። በዚያው ወደ ጅማ በሚመለስ ሾፌር መልእክት ልከው ኖሯል። ከሰዓት በኋላ አጎቴና ባለቤቴ ደረሱ። ባለቤቴ ልጃችንን አዝላ ነበር። ባዶ እግሬን አየችና ነጠላዋን አውልቃ ትከሻዬ ላይ ጣለችው። ሽማግሌው እስከ መኪናው ድረስ ሸኙን።

"ጀባዹ" አሏት ለባለቤቴ። በርቺ እንደ ማለት ነው። "የእኔም ወንድም እንዲህ ይሆን ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም።"

ቤት ከገባሁ በኋላ ያለውን ብዙ አላስታውስም። አጎቴ ጠበል ወሰደኝ። ቁጣውም ሳቁም ቀስ በቀስ ከእኔ ወጣ፤ ግን ሲወጣ ሌላውን ሁሉ ይዞ ሄደ። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ መተኛት ብቻ ሆነ ሥራዬ። ልጄ ስታለቅስ እሰማለሁ፤ ተነስቶ ማንሳት ግን ተራራ እንደ መውጣት ይሆንብኛል። መሥሪያ ቤት ስመለስ ብዕሩ ከበደኝ። ፊደሎቼ አነሱ፤ ጉንዳን አከሉ። መስመሩ ሲጀምር ቀና ይልና ወደ መጨረሻው ሲደርስ ያዘቀዝቃል። ሁለት ነጥቡ ግን ተመልሶ ነበር። እንዲያውም ወፍራም ሆኖ ነበር፤ ምክንያቱም ከቃል ወደ ቃል ለመሻገር ብዕሬን አሳርፌ ብዙ እቆይ ነበር።

የመዝገብ ቤቱ ሹም ጥብቅ ሰው ነበሩ። ከሥራ ያባርሩኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ከጸሐፊነት አንስተው መዝገብ የሚደረደርበት ክፍል አስቀመጡኝና፣ "እጅህ እስኪመለስ አቧራ አራግፍ" አሉኝ። ክረምቱ ሲወጣ እጄ ተመለሰ። ጠበሉ ረዳ ተባለ። እኔም አመንኩ፤ ተረሳ።

ግን አልተረሳም ነበር። ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በበልግ፣ ሹሙ ክፍላቸው ጠሩኝ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጠዋል። ሁለቱም ሰርዘው ያስቀሯቸው፣ የተበላሹ ግልባጮች ነበሩ።

"የማን ጽሕፈት ነው?" አሉኝ።

"የእኔ ነው።"

"ይሄኛውስ?"

"እሱም የእኔ ነው።"

"ይህ የዛሬ ሁለት ዓመት ከመታመምህ በፊት የጻፍከው ነው። ይህኛው የትናንት። ልዩነቱን አሳየኝ።"

አየሁ። አንድ ናቸው። ያበጠው "ቀ"፣ የሚወርደው "ረ"፣ የጠፋው ሁለት ነጥብ። ያን ጊዜም ልቤ በደስታ ይመታ ነበር፤ ቢሆንም ወረቀቶቹን አንስቼ ደግሜ አስተያየኋቸው። ሹሙ መነጽራቸውን አውልቀው፣

"ልጄ፣ አንተ ደህና ነኝ ትለኛለህ። እጅህ ግን ታሟል ይለኛል" አሉ። "እኔ ዕድሜዬን በሙሉ የሰው እጅ ሳነብ ነው የኖርኩት፤ እጅህን ነው የማምነው። ፈቃድ እሰጥሃለሁ። አዲስ አበባ ይህን በሽታ የሚያይ ሐኪም አለ፤ ሂድ።"

ወረቀቶቹን፣ ደህና ሳለሁና ፊደሎቼ ጉንዳን ባከሉ ጊዜ ከጻፍኳቸው ጋር፣ ጠቅልለው ለባለቤቴ ሰጧት። በማግስቱ አውቶቡስ ያዝን። መንገዱን ሙሉ አወራሁ። ጊቤ በረሃ ስንደርስ ከሾፌሩ ጋር ተጣላሁ። ባለቤቴ እጄን ይዛ አንድም ጊዜ አልለቀቀችም።

ሐኪሙ የውጭ አገር ሰው ነበር፤ አንዲት ነርስ ታስተረጉማለች። ባለቤቴ ወረቀቶቹን ከጨርቅ ፈትታ ስትዘረጋለት ፊቱ ተለወጠ። ወንበሩን ስቦ ተጠጋ። አማርኛ ማንበብ አይችልም፤ ግን ትልቁን፣ ትንሹንና መካከለኛውን ለይቶ በተርታ አስቀመጣቸው።

"ይህን ሲጽፍ እንዴት ነበር?" አላት ትልቁን እያሳየ።

"አይተኛም። አይቀመጥም። ያለውን ለሰው ይሰጣል።"

"ይህንስ?" ጉንዳኑን።

"አይነሳም። አይበላም። ሞት ይመኛል።"

ሞት መመኘቴን ታውቅ እንደነበር ያን ዕለት ነው የሰማሁት። ለማንም አልተናገርኩም ነበር።

ሐኪሙ ብዙ ተናገረ፤ ነርሷ አሳጥራ እንዲህ አለችን፦ "ሁለት በሽታ አይደለም፤ አንድ ነው። አንዴ ከፍ ያደርጋል፣ አንዴ ዝቅ ያደርጋል። በእርግማን አልመጣም፤ በእናንተ ጥፋትም አልመጣም። ሐኪሙ ወባን ታውቃላችሁ ወይ ይላል።"

"ጅማ ኖረን ወባን እናጣለን?" አለች ባለቤቴ።

"እንግዲያው እንደ ወባ ቁጠሩት። ሄደ ሲሉት ይመለሳል። ቶሎ ያወቀው ሰው ግን መድኃኒቱን ይዞ ይጠብቀዋል። እናንተ ደግሞ ማወቂያ አላችሁ ይላል፤ ብዙ በሽተኛ ይህ የለውም።" ወረቀቶቹን እያሳየች ነበር።

ክኒን ተሰጠን። ደሜ በየጊዜው እንዲመረመር ታዘዘ። ሐኪሙ በመጨረሻ አንድ ነገር ጨመረ፦ በየሳምንቱ አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ልጻፍ፤ ባለቤቴ ታስቀምጠው። እኔ የመዝሙር ቃል ሊሆን ይገባል ብዬ ነበር። ባለቤቴ ግን ስንመለስ አውቶቡስ ላይ መረጠችው፦ "ዛሬም ሰላም ውለናል፤ ቡናውም ደረቀ።"

"ይህ ምን ዓይነት ቃል ነው?" አልኳት።

"'ቀ' አለው፤ 'ረ' አለው። ሌላው ምን ያደርግልኛል?"

እንዲህ ሆነ። ቅዳሜ ከመሥሪያ ቤት ስመለስ፣ ምሳ ከመቅረቡ በፊት፣ አንዲት መስመር እጽፋለሁ። አንዳንዴ እየሳቅን፣ አንዳንዴ እየተነጫነጭኩ። ልጃችን አጠገቤ ተቀምጣ በከሰል የራሷን ትጭራለች።

ክኒኑ ሠራ። ከፍታውም ዝቅታውም ሄደልኝ። ግን ዋጋ አስከፈለኝ፤ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ብዙ አይደለም፤ ሲኒ ስይዝ አይታወቅም፤ ብዕር ስይዝ ግን ይታወቃል። የ"ጠ" እግሮች ተሸማቀቁ፤ ቀጥ ያለው ሁሉ እንደ ውኃ ላይ ጥላ ተርገበገበ። ባለጉዳዮች "በሬዳ" ማለት ተዉ። አንድ ቀን አንዱ ግልባጩን አይቶ፣ "ሽማግሌ ነው የጻፈው?" አለ። ሠላሳ ዓመት እንኳ አልሞላኝም ነበር።

በዚያው ሰሞን ለክፍላችን የጽሕፈት መኪና መጣ። ሹሙ ጠርተውኝ፣ "አንተ ተማረው" አሉኝ። "ጣት ቢንቀጠቀጥ መኪናው አይንቀጠቀጥም።"

አስቤ እመለሳለሁ ብዬ ወጣሁ። ለእኔ እንደ ሞት ነበር። የኔታ ያስተማሩኝን፣ ሚስት ያገኘሁበትን፣ ሰው ያከበረኝን እጅ ለብረት ልሰጥ? ማንንም ሳላማክር ክኒኑን ተውኩ። ባለቤቴ ጠዋት ስትሰጠኝ ከምላሴ ሥር አደርግና ደጅ ወጥቼ እተፋዋለሁ።

ሳምንታት ካለፉ በኋላ መንቀጥቀጡ ቀነሰ፤ ከዚያም ጠፋ። ፊደሎቼ እንደ ገና ቀጥ ብለው ቆሙ። ያን ቅዳሜ የጻፍኩትን መስመር ለባለቤቴ ስሰጣት እንደ ተማሪ ልቤ ይመታ ነበር።

"እጄ ዳነ" አልኳት።

ረጅም ጊዜ አየችው። "ያምራል" አለች። ከሌሎቹ ጋር አስቀመጠችው። በሚቀጥለው ቅዳሜም እንዲሁ። በሦስተኛው ግን ወረቀቱን ይዛ ደጅ፣ ብርሃን ወዳለበት ወጣች። ስትመለስ ልጃችንን ለጎረቤት ሰጥታ መጣች።

"ሁለት ነጥብህ የታለ?" አለችኝ።

"ቸኩዬ ነው።"

"አንተ በምንም ብትቸኩል ሁለት ነጥብ አትረሳም። ክኒኑን ትውጣለህ?"

ተቆጣሁ። "ተማሪሽ ነኝ? እስረኛሽ ነኝ? በየሳምንቱ የምትፈትሺኝ ምን ሰርቄ ነው? እንዲህ ያለ ጽሕፈት ጅማ ውስጥ የሚጽፍ ሰው ካለ አምጪልኝ።"

"የለም" አለች። "አንተን የሚያህል የለም። እኔም መጀመሪያ የወደድኩት እሱን ነው።" ድምፅዋ አልተነሳም። "ግን አሰንዳቦ ባዶ እግርህን ያገኘሁህ እንዲህ ስትጽፍ ነው። እጁ ቢንቀጠቀጥም ቤቱ የሚገባ ባል ይሻለኛል። ይህን ስልህ የምትሄድ ከሆነ ሂድ። አላስርህም። አላሳስርህምም።"

ወጣሁ። ወደ ጅሬን የሚያወጣውን መንገድ ያዝኩና በፍጥነት እሄድ ጀመር። ዳገቱ መካከል ላይ የአሰንዳቦው ሽማግሌ ሳይሆን፣ ሐኪሙ ሳይሆን፣ ባለቤቴ "አላስርህም" ያለችው ቃል ያዘኝ። ሰው ሁሉ በገመድ እሰሩት ባለ ጊዜ እሷ ብቻ እምቢ ብላ እንደነበር አጎቴ ነግሮኛል። ተቀመጥኩ። ልቤ አሁንም ይሮጣል፤ ሐሳቤ አሁንም ይጋልባል፤ እግሬን ግን ወደ ኋላ መመለስ ቻልኩ። እስከ ዛሬ በሕይወቴ ካደረግሁት ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል።

በር ላይ ቆማ ነበር።

"ተፍቼዋለሁ" አልኳት። "ክኒኑን።"

"አውቄያለሁ። ደጅ ከአበባው ሥር አግኝቼዋለሁ" አለች። "ግባ።"

ሹሙ ዘንድ ራሷ ሄዳ ፈቃድ አመጣችልኝ። ጅማ ሆስፒታል ያሉት ሐኪም ክኒኑን እንደ ገና አስጀመሩኝ፤ የሚያስተኛም ጨመሩልኝ። ከዚያ አጋሮ፣ አባቷ ቤት ወሰደችኝ። ወረቀትና ቀለም ይዘን አልሄድንም።

አማቴ ከተጋባንበት ቀን ጀምሮ "አንቱ" ነበር የሚሉኝ፤ እኔም እሳቸውን። ያን ቀን ከአውቶቡስ ስወርድ ሻንጣዬን ተቀበሉኝና፣ "ከዛሬ ጀምሮ አንተ ነው የምልህ" አሉ። "አንቱ ለእንግዳ ነው። የታመመ ልጅ እንግዳ አይደለም።"

ሥራም ሰጡኝ። ግቢያቸው ሙሉ ጀንፈል ተሰጥቶ ነበር፤ ከነቅርፊቱ የሚደርቅ ቡና ነው። ከጠዋት እስከ ማታ በእንጨት እየገፋሁ አገላብጠዋለሁ፤ ደመና ሲመጣ ከሠራተኞቹ ጋር ሮጬ እሰበስባለሁ፤ ሲገለጥ መልሼ አሰጣለሁ። አማቴ ከጥላ ሥር ሆነው፣ "እዚያ ጋ ቀርቶሃል" ይሉኛል። ብዙ ሳወራ፣ "ይህን ለቡናው ንገረው፣ እኔ ሰምቼዋለሁ" ይሉኛል። አልቀየምም ነበር። ፀሐይ ስትጠልቅ ሰውነቴ ዝሎ እተኛለሁ። ቀስ እያለ፣ ወንዝ ከሞላ በኋላ እንደሚጎድለው፣ ውስጤ ጎደለ። ከዚያ በፊት ሁልጊዜ ከሙላቱ በኋላ ወደ ጉድጓድ ነበር የምወድቀው። ያን ጊዜ ግን ዝቅ አልኩ እንጂ አልወደቅሁም። ጥቂት ቀናት ዝም ብዬ ውዬ አንድ ጠዋት ራበኝ። አማቴ እንደ ገና ልጅ የዳሩ ይመስል ዶሮ አሳረዱ።

ጅማ ስመለስ መሥሪያ ቤት ያለው ሰው ግማሹ መታመሜን እንኳ አልሰማም፤ አጋሮ ቡና ሊነግድ ሄዶ ነው ብለዋል። እጄ እንደ ገና ይንቀጠቀጥ ነበር። ሹሙ ክፍል ገብቼ፣

"ያ መኪና ሰው አገኘ?" አልኳቸው።

"አንተን እየጠበቀ ነው" አሉኝ።

ተማርኩት። መጀመሪያ ፊደሉን እየፈለግሁ እንደ ዶሮ ነበር የምለቅመው፤ ቆይቶ ሳላይ መጻፍ ቻልኩ። ባለጉዳዮችም ወደዱት፤ መኪና የጻፈው የበለጠ ይጸናል ብለው ያምናሉና። የቅዳሜዋን መስመር ግን በእጄ መጻፌን አላቋረጥኩም። ባለቤቴ መንቀጥቀጡን ለመደችው። እንዲያውም አንድ ቀን መስመሩን ስታይ፣ "ዛሬ ደህና ተንቀጥቅጠሃል" ብላ ሁለታችንም ሳቅን። ዝቅ የሚያደርገው አንዴ ደግሞ መጥቶብኝ ነበር፤ ፊደሎቹ ማነስ ሲጀምሩ ይዘነው ሆስፒታል ሄድን፤ ጉንዳን ሳያክሉ ተመለሱ።

አንድ የመኸር ወቅት አማቴ አንድ ሰው ላኩብኝ። ከሊሙ የመጡ ቡና ነጋዴ ናቸው፤ ጥምጥማቸውን አስተካክለው በራችን ላይ ቆሙ። ከኋላቸው አንድ ጎልማሳ አለ፤ ታናሽ ወንድማቸው ነው። ዓይኖቹ አያርፉም፤ እጆቹም እንዲሁ። የለቀመውን ቡና በሙሉ ከነጆንያው ለአላፊ አግዳሚ ሰጥቶ ጨርሷል።

"ኦቦ፣ አማትህ ሐኪም ታውቃለህ አሉኝ" አሉኝ ነጋዴው፤ ኦቦ አቶ እንደ ማለት ነው። "ሰዎች በሰንሰለት ያዘው ይሉኛል። እኔ ደግሞ እጄ እምቢ አለኝ፣ ወላሂ። አስታምመህ የምታውቀው ሰው ነበረህ?"

ባለቤቴ ወደ እኔ አየች። እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን ከቤተሰብ ውጭ ለማንም አላወራሁም። መሥሪያ ቤት እውነቱን በሙሉ የሚያውቁት ሹሙ ብቻ ነበሩ፤ ሰፈር ደግሞ ተነክቶ ነበር፣ ጠበል ጠጥቶ ዳነ ነው የሚባለው።

"የታመምኩት እኔ ነኝ" አልኳቸው። "እኔም ኮቴን ሰጥቻለሁ። ጫማዬንም።"

ነጋዴው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። ክራቫት አድርጌ ነበር፤ ከመሥሪያ ቤት መግባቴ ነው።

"አንተ?"

"እኔ።"

ታናሽ ወንድማቸው ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን እኔ ላይ ያሳረፈው። "አንተስ ለምን ሰጠህ?" አለኝ በጥድፊያ።

"ባቡር ሊመጣ ነበር" አልኩት።

ነገሩን አሰበበትና ራሱን ነቀነቀ፤ ትክክለኛ ምክንያት እንደሆነ ሁሉ። ከዚያ ገብቶ ተቀመጠ። ነጋዴው መሐረባቸውን አውጥተው ዓይናቸውን ጠረጉ፤ "አልሐምዱሊላህ" አሉ ቀስ ብለው፣ ለራሳቸው።

በማግስቱ ሦስታችን አዲስ አበባ ሄድን። አውቶቡስ ላይ ወንድምየውን በመስኮቱና በእኔ መካከል አስቀመጥነው፤ ሲያወራ ሰማሁት፤ ሲዘፍን አብሬው አጨበጨብኩ፤ ወልቂጤን ስናልፍ ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። ያው ሐኪም አሁንም እዚያው ነበር። ከበፊቱ የተሻለ አማርኛ ይናገራል። እጄን ይዞ ጣቶቼን ዘርግቶ አየና፣ "ይጽፋል?" አለኝ።

"በየቅዳሜው" አልኩት።

ሰውየው ከወራት በኋላ ሊሙ ተመልሶ የወንድሙን መጋዘን መጠበቅ ጀመረ። መጻፍ አያውቅም ነበር፤ ስለዚህ ለሱ የሚሆን ሌላ ምልክት ወንድሙ ፈለጉለት፦ ሶላት ላይ ሲቸኩል ያውቁታል። ከዚያ ወዲህ ከጌራም፣ ከአጋሮም፣ አንዴም ከጎሬ መንገድ ድረስ ሰው ይላክብኝ ጀመር። ሁሉም አልዳኑም። አንዱን ወጣት መንገድ ላይ አጥተነው ሦስት ቀን ፈልገናል፤ አግኝተነዋል። አንዲት እናት ልጄ ሰይጣን ነው ያለበት ብለው ከአውቶቡስ መናኸሪያ መልሰው ወስደውታል። ብዙዎቹ ግን ሄደው ተመልሰዋል፤ አንዳንዶቹ ዛሬም በበዓል ቡናና ማር ይልኩልናል።

ሹሙ ፈቃድ ስጠይቃቸው ምክንያቱን አይጠይቁኝም። ፊርማቸውን ያኖሩና፣ "መኪናውን በጨርቅ ሸፍነው፣ አቧራ እንዳይገባው" ይሉኛል። ባለቤቴ ደግሞ፣ "ደግሞ የማንን ልጅ ልትወስድ ነው?" እያለች የመንገድ ስንቁን ታሰናዳለች። በሶውን ለሁለት ሰው ነው የምትበጠብጠው።